በአንድ ቻርጅ ሦስት ቀን

«እናትዎን ወንበር ላይ አስራችሁ ነው እንዴ የምትውሉት?»

ነርሷ ይህን ስትል ድምጿን ከፍ አላደረገችም። የክሊኒኩ ኮሪደር ግን ጠባብ ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ነው የሚቀመጠው፤ የክፍሏም በር አይገጥምም። ከበሩ አጠገብ ሕፃን ያቀፈች ሴት ቀና ብላ ሰውየውን አየችው። ከጎኗ የተቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ እግራቸውን ወደ ራሳቸው ሰብሰብ አደረጉ። የሚያደናቅፋቸው ሰው አልነበረም፤ እንዲሁ ሰበሰቡት። ሰውየው ሞባይል ጠጋኝ ነው። ደንበኛውም ጎረቤቱም «ጠጋኙ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሚስቱ እንኳ ሲያናድዳት በዚሁ ስም ትጠራዋለች። ያን ቀን ጠዋት ወደ ክሊኒኩ የመጣው የእናቱን የመድኃኒት ማዘዣ ለማሳደስ እንጂ ለወቀሳ አልነበረም።

«ማን ነው የሚያስራት?» አለ። «ምን ማለትዎ ነው፣ ሲስተር?»

ነርሷ መልስ ከመስጠት ይልቅ የኮምፒውተሯን ፊት ወደ እሱ አዞረችለት። እናቱ የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ከሆስፒታል ስትወጣ ሰውነቷ ላይ ሦስት ትንንሽ መሣሪያዎች ተለጥፈውላት ነበር። አንዱ ከግራ ጡቷ በታች ሆኖ ልቧን ያዳምጣል፤ አንዱ የእጅ አንጓዋ ላይ፣ አንዱ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነው። ሽቦ የላቸውም። ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠች ነጭ ሳጥን ይነግሯታል፤ እሷም ለክሊኒኩ ታደርሳለች። እናቱ «ሰላዮቼ» ነው የምትላቸው። «ዛሬ ሰላዮቼ ምን ብለው አሳበቁብኝ?» እያለች ሰው ታስቅ ነበር። አሁን ጠጋኙ ፊት ለፊት የሚያየው ሰላዮቹ ያሳበቁትን ነው። ነርሷ በጣቷ አሳየችው። የልቧ መስመር ላይ ታች ይላል፤ ደህና ነው። ከሥሩ ያለው የእንቅስቃሴዋ መስመር ግን ከዳር እስከ ዳር ለጥ ብሏል፤ ሰው ያለበት አይመስልም።

«እኛ እኮ ስናሰናብታቸው በየቀኑ ይራመዱ ብለን ነው» አለች። «ይሄን ያህል ከተቀመጡ እግራቸው ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባቸው ጋ ከደረሰ እኛም አንደርስላቸውም። ዶክተሩ ይሄን አይቶ ነው ቤተሰቡን ጠይቂልኝ ያለኝ።»

«መሣሪያው ተበላሽቶ እንዳይሆን።»

«መሣሪያው ደህና ነው።»

«እኔ እኮ ሙያዬ ነው፣ ሲስተር» አለ ጠጋኙ፤ ወሬው ሙያው ጋ ሲደርስለት ትንሽ ቀና አለ። ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሰዎችም እንዲሰሙት ፈለገ። «አያያዜን ቢያዩት እንዲህ አይሉም ነበር። በፊት የደረቷን በየቀኑ ነበር የምንቀይረው። አሁን በአንድ ቻርጅ ሦስት ቀን ይሄድልኛል።»

ነርሷ አየችው። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር። እሷ ግን ያዘነች መሰለች።

«ለዚያ ነዋ የሚሄድልዎት» አለችው ቀስ ብላ። «ሰው ሲንቀሳቀስ ነቅቶ ያለ ፋታ ይልካል፤ ሰው ዝም ሲል እሱም ይተኛል። ባትሪ እንዲቆጥብ ብለው ነው እንደዚያ የሠሩት። ሦስት ቀን ሄደ ማለት እናትዎ ሦስት ቀን አልተነሱም ማለት ነው። በሉ ዛሬ ቀስ እያሉ ያራምዷቸው። ነገ ጠዋት ይዘዋቸው ይምጡ፣ እግራቸውን እናያለን።»

ጠጋኙ የታደሰውን ማዘዣ ተቀብሎ ሲወጣ የኮሪደሩ ሰው እንዲያልፍ ጉልበቱን እየሰበሰበ መንገድ ሰጠው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አለፈ። የሲሚንቶው ወለል ላይ የብዙ ሰው ጫማ ያመጣው ጭቃ ደርቆ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ክሊኒክ ሲያስብ ቀድሞ የሚመጣበት ያ ጭቃ ነው።

ሱቁ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በጫማ መደብርና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠ አንድ ክፍል ነው። ቆሞ ለሚሠራ አንድ ሰው እንኳ አይበቃም፤ ሁለት ሰው ይሠራበታል። ባልደረባው በቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» ይባላል፤ ወፍራም ቀልድ የሚያወራ ቀጭን ሰው ነው። ጠጋኙ ሲገባ ሽቦ ስልኳን ይዛ የቆመች አንዲት ተማሪ እያስተናገደ ነበር። ስልኳን ጠዋት ሞልታ ከቤት ትወጣለች፤ ክፍል ሳትገባ ይጠፋባታል። አዲስ ባትሪ ስንት እንደሆነ ሽቦ ሲነግራት ልጅቷ ፊቷ ወደቀ። «አይዞሽ፣ ባለሙያው መጣልሽ» አላት ሽቦ፤ ጠጋኙን በካቻቢቴው እየጠቆመ። «ይሄን ሰውዬ ታይዋለሽ? የእናቱን ልብ በአንድ ቻርጅ ሦስት ቀን የሚያስኬድ ሰው ነው። ያንቺን ስልክ እስከ ሠርግሽ ያደርስልሻል።»

ልጅቷ ሳቀች። ሽቦ ለዚህ ቀልድ ጥፋት የለበትም። ቀልዱን ያመጣው ራሱ ጠጋኙ ነው፤ ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ እግሩን ሰቅሎ ሻይ እየጠጣ፣ ለፎቶ ቤቱም ለጫማ ሻጩም በኩራት ያወራው ነው። ስለ አንድ ብረትና ፕላስቲክ ያወራ መስሎት ነበር። «ሳጥኗን የት እንደማስቀምጥ አውቃለሁ፣ ብርድ እንዳይነካቸው አደርጋለሁ፣ የባትሪ ጠባይ የሚገባው ለባለሙያ ነው» እያለ ሲፎክር አመኑት፤ እሱም ራሱን አመነ። አሁን ልጅቷ ስትስቅ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

«ተው እስቲ» አለ።

«ምነው? ዛሬ ነርሷ አልሳቀችልህም እንዴ?»

ጠጋኙ እጁን ወደ ቻርጀሮቹ ሰደደ። ሰፈሩ መብራት በፈረቃ ስለሚያገኝ የእናቱን ተለዋጭ መሣሪያ ቻርጅ የሚያደርገው ሱቅ ነው። ከደንበኞች ስልክ መካከል አረንጓዴ እያበራች የተቀመጠችውን ክብ ነገር ከገመዷ ነቀላት፤ የካፖርት ቁልፍ ታክላለች። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታትና ወጣ። «አንተ፣ ገና ምሳ እንኳ አልደረሰም እኮ» የሚለው የሽቦ ድምፅ እስከ መንገዱ ማዶ ተከተለው።

መንገዱን ሙሉ ሰው ሲከስ ሄደ። መጀመሪያ ነርሷን ከሰሰ፤ ሰው ፊት እንዲህ ይባላል? ቀጥሎ ሚስቱን። ሚስቱ ዳቦ ፋብሪካ ትሠራለች። ፈረቃዋ ከመቀየሩ በፊት ማታ ማታ አማቷን የምታጥባትም መሣሪያውን የምትቀይርላትም እሷ ነበረች። ፈረቃዋ ከተቀየረ ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፤ ስትመለስ እናቱ ተኝታለች፤ ሥራው ጠጋኙ ላይ ወደቀ። የዕረፍት ቀኗ ሲደርስ ብቻ ነው እሷ የምትቀይረው። በመጨረሻ እናቱን ከሰሰ። ስንት ጊዜ ተነሺ ብያታለሁ፣ አለ በልቡ። ስንት ጊዜ እንዳላት ለማስታወስ ሲሞክር ግን የመጣለት የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። ባትሪው መቆየት ከጀመረ ወዲህ አንድም ቀን ተነሺ ብሏት አያውቅም። ጠዋት ገብቶ የሳጥኗን መብራት ያያል፤ አረንጓዴ ከሆነ «ጎበዝ» ይላል፤ ይወጣል። ጎበዝ የሚለው ማንን እንደሆነ አስቦት አያውቅም።

የሚኖሩበት ሕንፃ ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ረጅም በረንዳ የተያያዙ ናቸው። በረንዳው ላይ ልብስ ይሰጣል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ዳር ላይ ወደ ታች የሚወስደው ደረጃ አለ። ጠጋኙ በመስኮቱ አጠገብ ሲያልፍ መጋረጃው በከፊል ተገልጦ ነበርና ቆም አለ። እናቱን እንዲህ ሳታውቅ አይቷት አያውቅም። የእንጨት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ ያቺ ወንበር ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ዛሬም እዚያው አለች፤ የተቀመጠችባት ግን የለችም። ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጎን ለጎን አስተኝታ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ነው የተቀመጠችው። እግሮቿ ነጠላ ጫማ ውስጥ ገብተው ተነፍተዋል፤ የጫማው ማሰሪያ ሥጋዋ ውስጥ ሰምጧል። አንድ ዝንብ ቀኝ እጇ ላይ አረፈ። በጣቶቿ ላይ ሄደ፣ አንጓዋ ጋ ደረሰ፣ መሣሪያውን ዞረው፣ ተመልሶ መጣ። እናቱ ታየዋለች። እጇን አላነሳችም። ከንፈሯን ሾል አድርጋ ቀስ ብላ እፍ አለችበት። አልሄደም። ተወችው።

ከውስጥ ጎረቤታቸው ብርጭቆ ይዛ ብቅ አለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ በረንዳው ላይ ነው፤ ጠጋኙ ሥራ ሲሄድ ወጣ ገባ እያለች የምታያት እሷ ናት። ዝንቡን በእጇ አባረረችና ውሃውን አቀበለቻት።

«እማማ፣ ዛሬስ በረንዳው ላይ ትንሽ ወጣ አይሉም? ፀሐዩ ደህና ነው።»

«ተዪኝ ልጄ። ስነሳ ይበላል።»

«ምኑ ነው የሚበላው?»

«ሰላዩ ነዋ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከተቀመጥኩለት እስከ ነገ ያደርሰኛል። ነገ ደግሞ ምራቴ ዕረፍት ናት፤ እሷ ትቀይርልኛለች።»

ጠጋኙ ራሱ የተናገረው ነገር ያኔ ነው ትዝ ያለው። ሳጥኗን የገጠመው ባለሙያ ቤት ድረስ መጥቶ፣ መሣሪያው ሲንቀሳቀሱ እንደሚነቃ፣ ሲያርፉ እንደሚተኛ ሲያስረዳ ጠጋኙ ብልሃቱ ደስ ብሎት «እማዬ፣ ሰማሽ? አንቺ ቁጭ ስትዪ ይተኛል፤ አንቺ ስትዞሪ ግን ባትሪያችንን ይበላዋል» ብሏት ነበር። ባለሙያው ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቃሉን አልጣለችውም። ክፍሉ ውስጥ የተባለውን ሁሉ በጥሞና የሰማችው እሷ ብቻ ነበረች።

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ አየችው። «አንተ! በዚህ ሰዓት ምን ትሠራለህ?» ልትል አፏን ስትከፍት በእጁ ዝም አሰኛትና ወደ ደረጃው ወሰዳት።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው እኔ እንዳልቀይርላት የምትፈልገው?»

«እኔ ምን አውቄ። የእናትና የልጅ ነገር ነው።»

«ንገሪኝ በሞቴ። እግሯን አይተሽዋል አይደል?»

ሴትየዋ ብርጭቆውን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፤ ንጹሕ ነበር። «እንግዲህ ካስለፈለፍከኝ» አለች። «ፊቱን ያዞራል አሉኝ። ደረቴን ስከፍትለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በዳሰሳ ነው የሚቀይርልኝ፤ ተጸይፎኛል አሉኝ። ደግሞ አልፈርድበትም፣ ያረጀ ገላ ማየት ለማን ደስ ይለዋል አሉ። በየቀኑ እንዳያስጠሉህ ነው እንጂ ወንበሩ ደልቷቸው እኮ አይደለም።»

ይህን ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። ጠጋኙ የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ። ፊቱን ያዞር ነበር፤ እውነት ነው። ወንድ ልጅ የእናቱን ደረት አያይም ብሎ፣ አክብሮት ነው ብሎ ነው ያዞረው። ማንም ቢጠይቀው እንዲህ ብሎ ይመልስ ነበር፤ ሰውም እውነትህን ነው ይለው ነበር። ብቻውን ደረጃው ላይ ሆኖ ግን ራሱን ሊዋሸው አልቻለም። የመጀመሪያ ቀን አይቶ ነበር። ከአንገቷ በታች ቁልቁል የወረደውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ፣ ገና ቀይ የነበረውን፣ ከሥሩ የተንጠለጠለውን ቆዳ አየ፤ የመድኃኒትና የላብ ሽታ አፍንጫው ገባ፤ ፊቱም ሳያዝዘው ጭፍግግ አለ። ፊቱን ያዞረው ከዚያ በኋላ ነው። አክብሮቱ ዘግይቶ የመጣ ነው። እሷ ደግሞ ያን ጊዜ ፊት ለፊቱ ነበረች፤ ቀድሞ የመጣውን አይታለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ፊቱን እያየች ያሳደገችው ልጇ ነው፤ ቅር ሲለው ከንፈሩ በየት በኩል እንደሚጣመም ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለች።

ሲገባ እናቱ ጭንቅላቷን ሳታዞር ዓይኗን ብቻ ወደ በሩ ላከች።

«ምነው ልጄ? ሥራ የለም?»

«አለ።»

«ታመምክ?»

«አልታመምኩም። ተነሺ እማዬ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«እስከ ደረጃው።»

«ደረጃው ጋ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«ምንም ከሌለ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አለችው። ወትሮ ቢሆን ይስቅ ነበር። እንዳልሳቀ ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይበላል እኮ፣ ልጄ። ዛሬ ደህና ይዤው ነበር።»

«ይብላ» አለ። «እንዲበላ ነው የተሠራው፣ እማዬ። ቀልዴን ነበር እኮ።»

የቱን ቀልድ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ክንዱን ይዛ ተነሳች። መጀመሪያ እግሮቿ አልታዘዟትም፤ እንደተደነዘዘ ሰው መሬቱን እየሞከረች ነው የረገጠችው። በረንዳው ላይ ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ ያላየች መስላ ጨርቋ ላይ አቀረቀረች፤ የመኪናዋ ድምፅ ግን ቆመ። የተሰጣ አንሶላ ገልጠው አለፉ፤ የልጆች ብስክሌት ዞሩ። እናቱ ታች ያለውን መንገድ እያየች «ያ ግንብ መቼ ተሠራ?» ትላለች፣ «ያቺ ሴት አረገዘች እንዴ?» ትላለች፤ ከወንበሯ ላይ ሆና ያመለጣትን ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ልትሰበስብ ነው። ጠጋኙ አልተጸየፍኩሽም ሊላት ደጋግሞ አፉን ከፈተ። አልተጸየፍኩሽም ማለት እኮ ተጸይፈኸኛል ብለሽ እንዳሰብሽ አውቃለሁ ማለት ነው፤ ልብስ ሰፊዋንም ማሳጣት ነው፤ ደግሞም ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበረም። ስለዚህ «ቀስ በዪ» ብቻ ይላት ነበር። «ቀስ በዪ፣ እዚህ ጋ ስንጥቅ አለ።»

ደረጃው ጋ ደርሰው ሲመለሱ፣ መሀል ላይ፣ ከደረቷ ላይ ጢጥ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቱ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀጥ አለች። ዕቃ የሰበረ ልጅ እናቱ ስትገባ እንደሚሆነው ሆነች።

«አለቀ» አለች። «አልኩህ እኮ። በል ምራቴ እስክትመጣ ይቆይ፤ ምንም አልሆንም።»

«ተለዋጩ ኪሴ ውስጥ ነው።»

ክፍሉ ውስጥ ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። እጁን ታጠበ። ዞር ሲል የቀሚሷን ቁልፎች ፈትታ ጨርሳለች፤ ደግሞም እሱ ከማዞሩ በፊት እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ልትቀድመው ነው። እንዳይቸገር።

«እማዬ፣ ወደዚህ ዙሪ» አለ። «እንዲህ ሆነሽ አይገባልኝም።»

ቀስ ብላ ዞረች። ጠጋኙ አየ። ጠባሳው ነጥቷል፤ አንድ ቦታ ላይ ተቋጥሮ ቀርቷል። ቆዳዋ ማጣበቂያው በነካበት ሁሉ ቀልቶና ተልጦ ነበር፤ በዳሰሳ ይቀይር የነበረው እጁ ሳያይ የላጠው ነው። የሚያቃጥል መሆን አለበት። አንድም ቀን አመመኝ ብላው አታውቅም። ያለቀውን ነቅሎ፣ ቀይ ያልሆነ ቦታ ፈልጎ፣ አዲሱን አስቀመጠና በመዳፉ ያዘው። ከመዳፉ ሥር ልቧ ይመታል። ዓይኑን አላሸሸም።

«እጅህ ይቀዘቅዛል» አለች።

«ሁልጊዜ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እናቱ ቁልፎቿን መቆለፍ ጀመረች። የላይኛው አልያዝ ብሏት ሁለቴ ሳተችው፤ ልርዳሽ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሳጥን አረንጓዴ አበራች። ከበረንዳው የልብስ ሰፊዋ መኪና ድምፅ እንደገና ተሰማ። ጠጋኙ ነገ ጠዋት ክሊኒክ እንደሚሄዱ ነገራት፤ እሷም የትኛውን ቀሚስ እንደምትለብስ አሰበች።

ዝንቡ ተመልሶ መጣና እጇ ላይ አረፈ። እናቱ ዝንቡን አየችው። ከዚያ ልጇን አየችው፤ ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስል ጥቂት ቆየች። ጠጋኙ አንገቱን ደፋ። እጇን አንስታ እሽ ስትል አላያትም። ያየው ሳጥኗን ነው፤ የእጇ ሰላይ ሲያሳብቅ መብራቷ ብልጭ አለ።